ሙጫና የየኔታ ዓይን

ፍኖተ ሰላም፣ መስከረም 25 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለእህቴ ለፍሬሕይወት፣

አዲሱ ዓመት ጤናና ደግ ሰው ያድልሽ፤ ባለሽበት አገር ሁሉ ደጅሽን የሚያንኳኳ ወዳጅ አይጥፋ። እኛ አለን። እማዬም አለች። ዓይኗ ደክሟል፣ ጉልበቷም ዝናብ ሲመጣ ከሰማዩ ቀድሞ ይነግራታል፤ አፏ ግን ያው የምታውቂው ነው።

በስልክ ብነግርሽ በቀለለኝ። ግን ቤታችንን ታውቂው የለ፣ አንድ ክፍል ናት፤ እኔ ስልክ ሳወራ እማዬ ከኔ ቀድማ ትመልሳለች። ኢንተርኔቱም ከነሐሴ ወዲህ የለም። የምነግርሽ ደግሞ እሷ እንድትሰማው የማልፈልገውን ነው፤ ስለዚህ እስክርቢቶ አነሣሁ። ሰባተኛ ክፍል ላይ ያቆመ ጽሕፈት ስለሆነ እየሳቅሽም ቢሆን አንብቢው።

ፎቶውን ልኬልሻለሁ። የእህቴ ባል ባንተአምላክ እህል ጭኖ አዲስ አበባ ሲገባ፣ ለሥራዋ የምትመላለሰው ያቺ ጓደኛሽ እህተ ማርያም ከጁ ትቀበለዋለች። ከነፍሬሙ ከነመስታወቱ ነው። ላወጣው ሞክሬ ነበር፤ ከመስታወቱ ጋር ተጣብቋል። ፈራሁና ተውኩት። አንቺም አደራ፣ እንዳታወጪው። መስታወቱ ላይ እንዳለ አንሺው።

እንደምታውቂው አባባ በሕይወታቸው የተነሡት ፎቶ ይኸው አንዱ ነው። «የኔታ፣ አንዴ ብቻ» ተብለው ተለምነው ቡሬ ፎቶ ቤት የገቡ ዕለት። እማዬ ሲነጋ ከጨርቁ ትፈታዋለች፣ መስታወቱን በቀሚሷ ጫፍ ትወለውለዋለች፣ አውራ ጣቷን በዚያ በጠፋው ዓይናቸው ላይ ታሳርፍና «እንዴት አደሩ፣ የኔታ?» ትላለች። ከዚያ በኋላ ነው እኔን «አደርሽ?» የምትለኝ። ሰባት ዓመት ሙሉ እንዲህ ነው።

ስለዚህ ስወስድባት ዋሸኋት።

«እማዬ፣ የመስታወቱ ጥግ ተሸርፏል፤ እጅሽን ይቆርጥሻል። ቡሬ ወስጄ ላስጠግነው።»

«ይሄን ሁሉ ዘመን ያልቆረጠኝ ዛሬ ይቆርጠኛል?»

«ለተዝካሩ እንዲያምር ብዬ ነው።»

«ስንት ቀን?»

«እስከ ገና።»

«ገና ካለፈ ቡሬ ድረስ በግሬ እሄዳለሁ። ሠሪውንም አንቺንም አሳያችኋለሁ።»

ትሄዳለች፤ እሷን አታውቂያትም? እሺ ያልኩሽ አንድም እንደ አባት ስላሳደጉሽ ነው፤ አንድም «አትሜ ለሁሉም ለያንዳንዱ አደርሳለሁ» ስትዪ ስለጓጓሁ ነው። ፎቶው እርጥበት ጠጥቶ ጠርዝ ጠርዙ እየነጣ ነው። አንድ ቀን ከነጭራሹ ቢጠፋብን ብዬ ሰጋሁ። የሰባት ዓመቱ ተዝካር የካቲት 8 ነው። ፎቶው ለገና ይመለስ፤ የታተመው ለተዝካሩ ይድረስ። ከዚህ ሌላ ምንም አልጠይቅሽም።

እጅሽ የነካው ይባረክ።

አደይ

---

ማልሞ፣ ኅዳር 22 ቀን 2016 ዓ.ም.

ውድ እታለም፣

ሰላምሽ ይብዛ፣ የእማዬ ጉልበትም ይጽናልኝ። እሽጉ በሰላም ደርሶኛል። ሽታው ራሱ የቤታችን ነው፤ ጨርቁን አፍንጫዬ ላይ አድርጌ ብዙ ቆየሁ።

እንዴት እንደማትም ልንገርሽ። ማተሚያ ቤት የለኝም እታለም፣ የወጥ ቤቴ ጠረጴዛ ነው። ከሥራ በኋላ በምሄድበት የማታ ትምህርት ነው የተማርኩት። ለወትሮው ይሄ ነገር በድንጋይ ላይ ይሠራ ነበር፤ እኛ በወረቀት ነው የምንሠራው። መጀመሪያ ሥዕሉን ፎቶ ኮፒ ታስደርጊያለሽ፤ በዱቄት የሚሠራው ማሽን መሆን አለበት። ወረቀቱን ዘርግተሽ በሙጫ ውሃ ትቀቢዋለሽ። ነጩ ቦታ ሙጫውን ይጠጣል፣ ጥቁሩ አይጠጣም። ከዚያ የዘይት ቀለም በሮለር ስታስኬጂበት ቀለሙ ከእርጥቡ ይሸሽና ጥቁሩ ላይ ብቻ ይይዛል። በስፖንጅ እየጠረግሽ ሁለት ሦስቴ ትደግሚዋለሽ። በመጨረሻ ንጹሕ ወረቀት ላይ በፊቱ ደፍተሽ በማንኪያ ጀርባ ታሺዋለሽ። ስትገልጪው ሰው ይወጣል! አንዱ ኮፒ ሁለት ቢበዛ ሦስት ጊዜ ያትምና ይቀደዳል።

ቀለሙ በምን እንደሚሠራ ብነግርሽ አታምኚም፤ በተልባ ዘይት ነው። ቀለሙን በሮለር የምዳምጥበትም አንዲት ትንሽ መስታወት አግኝቻለሁ፣ ልክ የመዳፌን ታክላለች። ጥጓ የተሸረፈ ስለሆነ ትናንት ጣቴን ቆረጠችኝ፤ ግን እንደሷ ለቀለም የሚመች ነገር አላገኘሁም።

አንድ ነገር ልለምንሽ። እዚህ የሚሸጠው ሙጫ የታሸገ ነው፣ ሽታም የለው። የኔታ ለቀለማቸው ይበጠብጡት የነበረው ዓይነት የግራር ሙጫ ብትልኪልኝ ምንኛ ደስ ባለኝ። በሱ ባትማቸው ሌላ ይሆናል። ስለሳቸው የምታስታውሺውንም ጻፊልኝ፤ ለክፍላችን ሰዎች መንገር እፈልጋለሁ።

ሥራ እየጠራኝ ነው፤ ሌላውን በሌላ ጊዜ።

ፍሬ

---

ፍኖተ ሰላም፣ ታኅሣሥ 25 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለፍሬዬ፣

የልደቱ ብርሃን በዚያ ብርድ አገር ቤትሽን ያሙቀው። ደብዳቤሽ መንገዱ ተዘግቶ አዲስ አበባ ሦስት ሳምንት ተኝቶ ነው የደረሰኝ።

ጣትሽ እንዴት ሆነ? በጨው ውሃ እጠቢው። ያችን ክፉ መስታወትም ጣያትና ሌላ ግዢ፤ ለቀለም ብለሽ ደምሽን አታፍስሺ።

ደብዳቤሽን ሁለቴ አነበብኩት። እንደ ጥጥ መዳመጥ ያለ ሥራ ነው የመሰለኝ፤ ፍሬው ወዲያ፣ ጥጡ ወዲህ። ተልባ ግን ቀለም ይሆናል ስትዪ ሳቄ አላስቆም አለኝ። እኛ በጾም የምንጠጣውን እናንተ ሰው ታትሙበታላችሁ!

ሙጫውን ያገኘሁልሽ ከመሪጌታ ቂርቆስ ነው፤ የአባባን ወንበር የተረከቡት። ዛሬም ቀለማቸውን ራሳቸው ነው የሚበጠብጡት። «ለምን ፈለግሽው?» ቢሉኝ «ፍሬሕይወት በስዊድን የኔታን ልታትምበት ነው» አልኳቸው። እሳቸውም «ዓይናቸውን የወሰደ ሙጫ መልሶ ያወጣቸው እንደሆነ እናያለን» አሉ። ታስታውሺዋለሽ አይደል? ተማሪ ሳሉ ሙጫ ሊለቅሙ ግራር ላይ ወጥተው ነው እሾሁ ዓይናቸውን ያጠፋው። «ዓይኔን ከፍዬ የገዛሁት ቀለም ስለሆነ አይለቅም» እያሉ ይቀልዱ ነበር። አንቺ አራት ዓመት ከገበታቸው በልተሻል፣ ለክፍልሽ ሰዎች ከኔ ይልቅ አንቺ ትነግሪያቸዋለሽ።

ፍሬ፣ ሦስት ገጽ ጽፈሽ ስለ ፎቶው አንድ ቃል የለበትም። ረስተሽው ነው ብዬ ራሴን አጽናናሁ።

ገና ሊደርስ ሦስት ቀን ቀረው። እማዬ ጧት ጧት ባዶውን ጨርቅ ፈትታ መልሳ ትቋጥረዋለች። ትናንት «ቡሬ ያለው ሠሪ ስሙ ማነው?» አለችኝ። ስም ፈጠርኩ። «የማን ልጅ ነው?» አለች። አባትም ፈጠርኩለት። «የት ሰፈር?» ስትለኝ ሰፈር አጣሁና ውሃ ልቅዳ ብዬ ወጣሁ። ይኸው አንድ እማይኖር ሰው ወልጄ እያሳደግኩ ነው፤ ነገ ሚስት ልድርለት ነው።

ሙጫውን በጨርቅ ጠቅልዬ ልኬዋለሁ፤ ግማሹን ለራሴ አስቀረሁ፣ ማን ያውቃል። አንቺም ፎቶውን ባገኘሽው ሰው ላኪው። የታተመው ቢዘገይ ግድ የለኝም።

ክፉ አይንካሽ።

አደይ

---

ማልሞ፣ ጥር 18 ቀን 2016 ዓ.ም.

ውድ እታለም፣

ጥምቀቱ በሰላም አልፎላችሁ ይሆናል ብዬ አምናለሁ። በጣም ቸኩያለሁ፤ እህተ ማርያም ነገ ትበራለች።

ስድስት የኔታዎች ልኬልሻለሁ! በላክሽልኝ ሙጫ ነው ያተምኳቸው። እንዴት እንዳማረባቸው ታያለሽ። አንዱን ለእማዬ፣ ሌላውን ለምትወጃቸው። ለራስሽ እንድትሞክሪ አንድ ትንሽ ብልቃጥ ቀለምም አለበት፤ የልጅነት እጅሽ ብልህ ነበር።

እታለም፣ ልንገርሽ? የክፍላችን ሰዎች ሥራችንን ለሕዝብ አሳይተን ነበር። ሰው ሁሉ የኔታ ፊት ነው የቆመው። አንዲት አሮጊት አለቀሰች። አንድ ሽማግሌ ደግሞ ለምኖኝ አንዱን ወሰደና ሳሎኑ ውስጥ ሰቅሎታል። ያሳደጉኝ አባቴ ናቸው አልኳቸው። እዚህ ከመጣሁ ጀምሮ ማን እንደሆንኩ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም፤ ያን ቀን ግን ሁሉም ጠየቀኝ።

ዋናው ፎቶ በእህተ ማርያም እጅ እንዳይሰበር ብዬ አስቀርቼዋለሁ። አስተማማኝ መንገድ ሳገኝ እልከዋለሁ። ለእማዬ እጇን ሳሚልኝ።

ፍሬ

---

ፍኖተ ሰላም፣ የካቲት 21 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለፍሬሕይወት፣

ጤና ይስጥሽ። እኛም ተዝካሩን አውጥተን አለን።

እሽጉ የደረሰው በዋዜማው፣ ሴቶቹ ወጥ ሲሠሩ ነው። ባንተአምላክ ከዱቄት ጆንያ ውስጥ አወጣው። ስገልጠው ደነገጥኩ፤ ትልቅ፣ ጥቁርና ነጭ፣ ልክ ቀና ብለው ሊጠሩኝ የሚመስሉ። እውነቴን ነው፣ አለቀስኩ። እጅሽንም መረቅኩ። አንድ ነገር ግን ቅር አለኝ፤ ምን እንደሆነ አልታወቀኝም። የታተመ ስለሆነ ይሆናል አልኩ። አንዱን ዳሱ መግቢያ ምሰሶ ላይ ሰቀልነው።

በነጋታው ቄስ ኪዳነ ማርያም ገቡ፤ ከአባባ ጋር አብረው የተማሩት። ምሰሶው ሥር ቆሙ። አንገታቸውን ወዲህ አደረጉ፣ ወዲያ አደረጉ።

«አደይ፣ የየኔታ ወንድም ናቸው እኒህ?»

«አባ፣ የኔታ ራሳቸው ናቸው እንጂ!»

«እኔ የማውቃቸው የኔታ በዚህኛው ዓይን አይደለም የሚያዩኝ።»

ሰዉ መጣ። አንዱ ልክ ነው አለ፣ አንዱ አይደለም አለ። ሟቹ ተረሱና በዳሱ ውስጥ የዓይን ክርክር ሆነ። አንዱ ጠጥቶ የነበረ «ከሞቱ በኋላ ድነው ነው» አለና ሰው ሳቀ። በአባቴ ተዝካር ሰው ሳቀ፣ ፍሬ።

እማዬ ሳቁን ሰማች። «የኔውን አምጪልኝ» አለች። እኔም የታተመውን ማለቷ መስሎኝ ለሷ ያስቀመጥኩትን ሁለተኛውን አመጣሁላት። ጭኗ ላይ ዘረጋችው። ታውቂያለሽ፣ ዓይኗ ብዙ አያይም፤ ጣቷ ግን ያያል። አውራ ጣቷን እንደ ልማዷ ሰደደች። የምታሳርፍበት ቦታ ላይ ጎንበስ ብላ ስታይ የተገለጠ ዓይን አገኘች። እንደተቃጠለ ሰው እጇን ሰበሰበች።

«ሌላ ሰው ነው ያመጣሽብኝ» አለች።

ከዚያ ወዲህ ስለ ቡሬው ሠሪ አልጠየቀችኝም። ማንንም አልጠየቀችም። ጧት ጧት «አደርሽ?» ማለትም ትታለች።

እሾህ ያላጠፋውን ዓይናቸውን አንቺ አጠፋሽው። ያጠፋውን ደግሞ አብርተሽ ላክሽልን። በዚያ ሽማግሌ ሳሎንም እንዲሁ ሆነው ተሰቅለዋል ማለት ነው። እዚያ የሚያውቃቸው ስለሌለ ማን ይናገራል? ያንቺ ነው የገረመኝ። አንድም ቀን አላየሻቸውም ነበር?

ፎቶውን ላኪ። የታተመ አልፈልግም። ከነተሸረፈው መስታወቱ ላኪው።

አደይ

---

ማልሞ፣ መጋቢት 19 ቀን 2016 ዓ.ም.

ውድ እታለም፣

በጾሙ እግዚአብሔር ያበርታችሁ። ደብዳቤሽን አንብቤ እንቅልፍ አጣሁ። ጥፋቱ የኔ ነው። በዚህ አሠራር ወረቀቱ ተደፍቶ ስለሚታተም ሥዕሉ ይገለበጣል፣ ግራው ቀኝ ይሆናል። አስቀድሞ ኮምፒውተር ላይ መገልበጥ ነበረብኝ። የገለበጥኩ መስሎኝ ነበር፤ ምናልባት ሁለቴ ገልብጬው ይሆናል፣ ተምታታብኝ።

አሁን አስተካክዬ አዲስ አትማለሁ። ብቻ እንዳልሳሳት አንድ ነገር ንገሪኝ። የኔታ የጠፋው ዓይናቸው ቀኙ ነበር ወይስ ግራው?

እማዬን ይቅርታ በዪልኝ።

ፍሬ

---

ፍኖተ ሰላም፣ ሚያዝያ 16 ቀን 2016 ዓ.ም.

ፍሬሕይወት፣

ሰላም ሁኚ።

ግራው ነው።

ፎቶው እጅሽ ላይ ካለ ግን ምን አስጠየቀሽ? ዞር ብለሽ አታዪውም ነበር?

አደይ

---

ማልሞ፣ ሰኔ 2 ቀን 2016 ዓ.ም.

እታለም፣

ምን ብዬ ሰላም እንደምልሽ አላውቅም።

ፎቶው የለም። ኅዳር ላይ፣ የመጀመሪያውን ደብዳቤ ከመጻፌ በፊት ነው የጠፋው። አታውጪው ብለሽኝ ነበር። መጀመሪያ እንዳልሽኝ መስታወቱ ላይ እንዳለ በስልኬ አነሣሁት። ግን መብራቱ መስታወቱ ላይ እያበራ ግንባራቸውን ነጭ አደረገብኝ። ለብ ባለ ውሃ ብዘፈዝፈው በራሱ ይለቃል ብዬ አሰብኩ፤ እንዲህ ሲደረግ አይቻለሁ። ትንሽ ጠበቅሁና ሳብኩት። ወረቀቱ ባዶውን መጣ። ፊታቸው ተበጣጥሶ መስታወቱ ላይ ቀረ።

ያተምኳቸው ያቺን በስልክ ያነሣኋትን ነው። እሷንም ሳስተካክል ሳገለባብጥ የትኛዋ የመጀመሪያዋ እንደሆነች ጠፋብኝ። ስለዚህ ነው የጠየቅሁሽ።

በየደብዳቤው ልነግርሽ እጀምርና ስለ ሙጫ እጽፋለሁ፣ ስለ ቀለም እጽፋለሁ። ቆንጆ አድርጌ ካተምኳቸው ዋናው ይረሳል ብዬ ነበር። አንድም ቀን አላየሻቸውም ነበር ወይ ብለሻል። አያቸው ነበር። ግን ስምንት ዓመቴ ነበር እታለም፤ ሰው ቤት ተቀምጬ የምበላ ልጅ ነበርኩ። ቀና ብዬ ፊታቸውን ማየት ነውር ይመስለኝ ነበር። እጃቸውን ነው የማስታውሰው፤ ለኔ ሲቆርሱልኝ።

የፈለግሽውን ፍረጂብኝ።

ፍሬሕይወት

---

ፍኖተ ሰላም፣ ሐምሌ 11 ቀን 2016 ዓ.ም.

ፍሬ፣

ክረምቱ ገብቷል። ማሽላው ሳይሆን በቆሎው ደህና ነው ይላሉ። እማዬ አለች።

ደብዳቤሽ ሲደርሰኝ አንድ ሳምንት ለማንም አልተናገርኩም። ለማን ልናገር? ከእማዬ ጨርቅ ያወጣሁት እኔ፣ ዋሽቼ ያስረከብኩት እኔ። አንቺን ብረግምሽ ግማሹ ለኔ ይደርሳል። ስለዚህ አልረገምኩሽም፤ ስለ ይቅርታውም ዛሬ አትጠይቂኝ።

አንድ ጧት ግን የመጋቢቱን ደብዳቤሽን አውጥቼ አነበብኩ። «ሥዕሉ ይገለበጣል፣ ግራው ቀኝ ይሆናል» ብለሻል። እንግዲያው አልኩ፣ አንቺ የገለበጥሽውን እኔ ብገለብጠውስ? መልሶ ራሳቸውን አይሆኑም?

ከላክሻቸው አንዱን ይዤ ስመኘው ፎቶ ኮፒ ቤት ሄድኩ።

«ስንት ኮፒ?» አለኝ።

«አምስት፣ መዳፌን እንዲያክል አሳንሰህ። በዱቄት የሚሠራ ነው አይደል ማሽንህ?»

«እትዬ አደይ፣ ማሽኔን ልትገዢኝ ነው? ምን ልታደርጊው ነው?»

«ሙጫ ልቀባው ነው።»

ኮፒውን ሰጥቶኝ ከበር ወጥቼ እስክታጠፍ ድረስ ሲያየኝ ነበር። በማግሥቱ ሰፈሩ ሁሉ አደይ አእምሮዋን ነካ አድርጓታል ብሎ አደረ።

እማዬ ቤተ ክርስቲያን እስክትሄድ ጠበቅሁ። ያስቀረሁትን ሙጫ ከዋዜማው ዘፍዝፌው ነበር፤ እንደ ማር ሆኖ አደረ። ሮለር የለኝም፤ ከብስክሌት ካላማዳሪ፣ ከውስጡ ጎማ ቆርጬ ጠርሙስ ላይ አለበስኩት። ቀለምሽ አለ። የምዳምጥበት ነገር ግን አጣሁ። ፍሬ ምን ላይ ነበር የምትዳምጠው ብዬ የኅዳሩን ደብዳቤሽን አወጣሁ።

እዚያው ሙጫ በነካ እጄ ይዤው ቀረሁ። ወረቀቱ ጣቴ ላይ ተጣብቆ አሁንም አሻራዬ አለበት።

ትንሽ መስታወት ብለሻል። የመዳፍሽን የምታክል። ጥጓ የተሸረፈ።

እኔ ደግሞ «ያችን ክፉ መስታወት ጣያት» ብዬ ጻፍኩልሽ። ጣትሽ አሳዝኖኝ።

ፍቀሽ ጣልሽው ማለት ነው። ፊታቸውን ከላይዋ ፍቀሽ አጠብሻትና ቀለም አፈሰስሽባት። በሷ ላይ በዳመጥሽው ቀለም አተምሻቸው። ለሰው አሳየሽ፤ ሰው አለቀሰልሽ። ይሄንን በሰኔው ደብዳቤሽም አልነገርሽኝም። «መስታወቱ ላይ ቀረ» ብለሽ እዚያ ላይ አቆምሽ።

ሥራውን ግን አልተውኩትም። ትሪ ላይ ዳመጥኩት። የመጀመሪያው ውሃ አንሶት ድስት የተደፋበት መስሎ ጥቁር በጥቁር ሆነ። ሁለተኛው ተቀደደ። ሦስተኛውን ወረቀት ላይ ደፍቼ በማንኪያ አሸሁ፤ እጄ እስኪዝል አሸሁ። ስገልጠው አባባ ወጡ። ትንሽ ገርጥተዋል፣ ጢማቸው አካባቢ ተበልቷል። ግራ ዓይናቸው ግን ጠፍቷል። ቀኙ ያየኛል። «አይለቅም» ያሉት ትዝ አለኝና መሬት ላይ ተቀመጥኩ።

ሲደርቅ ከጅጋ ገበያ ባስገዛሁት አዲስ ፍሬምና መስታወት ከተትኩት። ሲነጋ እማዬ ጭን ላይ አኖርኩት። እሷም በቀሚሷ ጫፍ ወለወለችው። ጣቷን ሰደደች። አረፈ።

«መጡ?» አለች።

ፍሬ፣ ያኔ ሁሉንም ይቅር ብዬሽ ነበር። እውነቴን ነው።

ከዚያ ጣቷ ወደ ጥጉ ወረደ፤ ዳሰሰችው። ወደ ሌላው ጥግ ሄደ። አራቱንም ዳሰሰች። ሁሉም ሙሉ ናቸው።

«አደይ፣ መስታወቴስ?»

«ተቀየረ እማዬ፤ አዲስ ነው። ያኛው ይቆርጥሽ ነበር።»

«ሰባት ዓመት የዳሰስኩት መስታወት ነው» አለችና ጨርቁ ውስጥ መልሳ ቋጠረችው። አልፈታችውም ከዚያ ወዲህ። አሁን ጧት «አደርሽ?» ትለኛለች፤ ከሳቸው በፊት እኔን። ይሄን ያህል ዘመን የተመኘሁት ነበር፤ ሲደርሰኝ አንጀቴን በላው።

ስለዚህ አዲስ እንዳታትሚ። ያንን ሽማግሌም አታስቸግሪው፤ ሳሎኑ ውስጥ ያሉት የኛ ሰው አይደሉም፣ ይቀመጡለት። እንዳትጽፊልኝም አልልሽም፤ ጊዜ ሲሆን ጻፊ።

መስታወቷን ግን ላኪልን። ዛሬም እየዳመጥሽባት እንደሆነ አውቃለሁ፤ እንደሷ የሚመች አላገኘሁም ብለሻል። ከነቀለሟ ላኪያት። አትጠቢያት፤ አንዴ የታጠበችው ይበቃታል። በተሸረፈው ጥግ በኩል ጥፍርሽ ያልደረሰበት የጢማቸው ጫፍ ወይ የነጠላቸው ጥለት ቀርቶ እንደሆነ አላውቅም። ባይኖርም ግድ የለም። የእማዬ ጣት የሚያርፍበትን ያውቃል።

የሚያቅፍሽ ሰው አይጥፋ።

አደይ